የጾመኛው ነብር

ማንደፍሮን ያመነኮሰው የሥራ ፈረቃው ነው። ራእይ አላየ፣ ሱባኤ አልገባ፣ ቆብ አልደፋ። አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ከብርነሽ ጋር የሚኖር፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የሚሠራ፣ ቦርጩን በቀበቶ የሚያስታምም፣ ሐሙስ ሐሙስ ክትፎውን በጥሬው ካልበላ ሳምንቱ ያለፈ የማይመስለው ሰው ነው። ይኸው ሰው ዴን ሃግ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት እንደ መነኩሴ ሲከበር ኖረ ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆነ።

ነገሩ የጀመረው በወገብ ሕመም ነው። ሃውስአርትሱ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ፓራሲታሞል ሰጠው፤ እዚህ አገር ሰው ባቡር ቢገጨውም መጀመሪያ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው። አልሻል ሲለው ወደ ፊዚዮቴራፒስት ላኩት። ፊዚዮው ዬሩን የሚባል፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሆላንዳዊ ነበር። ዬሩን ወገቡን አሸው፣ ጠመዘዘው፣ ሳበው፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ፣ «አንተን የሚያድንህ እንጨት ነው» አለው። ማንደፍሮ ሊመታው መስሎት ደነገጠ። ዬሩን ግን በማግሥቱ በባቡር ይዞት ዴን ሃግ ወረደ፤ ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ጀርባ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ጎማ ቤት ኋላ ወዳለ አዳራሽ አስገባው።

አዳራሹ የሲፉ ላው የዘንግ ፍልሚያ ማሠልጠኛ ነው። ሲፉ ማለት በቻይናዎቹ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። ሲፉ ላው ሰማንያዎቹን የተሻገሩ፣ ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሰባት ዓመታቸው ለካንቶን ኦፔራ ቡድን ተሰጡ፤ ፊታቸውን ተቀብተው ሲዘፍኑ፣ ሲገለበጡ፣ በጦርና በዘንግ ሲፋለሙ አደጉ። ከዚያ የመርከብ ወጥ ቤት ሆነው ሮተርዳም ወረዱና በዚያው ቀሩ። በእሳቸው ዘንድ ድብድቡና ቲያትሩ አንድ ነው፤ ክንድ ስትዘረጋ ዜማው ከሌለበት፣ «ይሄ የሰካራም ጠብ ነው» ብለው ያስቆሙሃል።

ለምን አንድ እንደሆነ ለማንደፍሮ ያስረዳው ዬሩን ነበር። ዬሩን ማስረዳት ሲጀምር ጣቢያ ያሳልፋል። ድሮ፣ ይላል፣ በደቡብ ቻይና አንድ ገዳም ተቃጠለ። ጥበቡን የያዙት መነኮሳት ከንጉሡ ወታደሮች ሸሽተው በወንዝ ላይ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ኦፔራ በሚያሳዩ ቀይ ጀልባዎች ውስጥ ተደበቁ። ፊቱን ቀለም የተቀባ ሰው ማን ይለየዋል? ቀን መድረክ ላይ ይፋለማሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፤ ትርኢት ነው ብሎ። ጀልባውን የሚገፉበት ረጅም ዘንግም መሣሪያቸው ሆነ። ኋላ ተዋናዮቹ ራሳቸው ከነመድረክ ልብሳቸው ሸፈቱ፣ ኦፔራውም ተከለከለ። የሸፈቱትስ እውነት ነው፤ የገዳሙን ነገር ግን ዬሩን ራሱ፣ «ማስረጃ የለውም» ይላል፤ ብሎም ይቀጥላል።

እና ያ ዘንግ፣ ወይም የዚያ ዘንግ የልጅ ልጅ የሚባለው፣ ሲፉ ላው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተጋድሟል። ሦስት ሜትር ያልፋል፤ በዘይትና በእጅ ላብ ጠቁሯል። መምህር ለመረጠው ደቀ መዝሙር እንጂ ለልጁ አያወርሰውም።

ማንደፍሮ ሥራ የማይገባባቸው ምሽቶች ረቡዕና ዓርብ ናቸው። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ሲፉ ላው በእንፋሎት የበሰለ፣ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦ በገዛ እጃቸው ያድላሉ። የመጀመሪያው ረቡዕ ለማንደፍሮ ሲዘረጉለት፣ ሽማግሌ የሰጠውን መመለስ ነውር ነውና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሆላንድኛውም ሲጠፋበት በአማርኛ «ጾም ነው» አላቸው። ዬሩን ስልኩን ጠይቆ ተረጎመላቸው። ዓርብ መጣ፤ «ጾም ነው።» በሚቀጥለውም ረቡዕ፤ «ጾም ነው።» በአዳራሹ አሳማውንም፣ ዶሮውንም፣ በወተት የፈላውንም ሻይ ሲቀምስ ያየው የለም።

እንግዲህ ፍልሰታ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ነቢያት አለ፤ ይሁን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናትስ? ረቡዕም ዓርብም ይበላ የለ? አዎ፣ ግን ሲፉ ላው በየጸደዩ የወላጆቻቸውን መቃብር ሊጠርጉ ሆንግ ኮንግ ሄደው ሰኔ ላይ ነው የሚመለሱት። ሰይጣን እንኳ ተቀምጦ ቢያስብ እንዲህ አያቀናጀውም።

በዚያ ላይ ሌላው ሠልጥኖ ሲደክመው ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ ማንደፍሮ የመለማመጃ ዘንጉን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ አገጩን እጁ ላይ ጥሎ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ማኅሌት ላይ መቋሚያ እንዲህ ነው የሚያዘው። ሲፉ ላው ጥግ ላይ ሆነው ያንን ያያሉ። የአንገቱን ማተብ ያያሉ። በር ሲገባ ማማተቡን ያያሉ። አንድም ነገር አልጠየቁትም፤ መነኩሴን ማን ይጠይቃል?

ማንደፍሮ ጉዱን የሰማው የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ባቡር ውስጥ ነው። ዬሩን መስኮት መስኮቱን እያየ፣ «ዘንጉን ለአንተ ሊሰጡህ ነው» አለው።

«ለኔ? ለምን?»

«መነኩሴ ነህና። ጥበቡ ከገዳም ነው የወጣው፣ ሳልሞት ወደ መነኩሴ ልመልሰው ይላሉ።» ቀጥሎም፣ «እኔም እኮ ሥጋ ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው። አንተን አይቼ ነው። ማንም ልብ አላለኝም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበረ፤ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ።

ማንደፍሮ በዚያው ሊስቅ ነበር። አልሳቀም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አገር ሲኖር ያልሰጡት ነገር የለም፤ ቁልፍ፣ ጓንት፣ የሥራ ልብስ፣ ቀጠሮ። «ይሄን ከእኔ በኋላ አንተ ያዝልኝ» ያለው ሰው ግን አልነበረም። አባቱ እንኳ ሳይሰናበተው ነው የሞተው። ዘንጉን ፈለገው። ሲፈልገውም አፈረ፤ ምክንያቱም ትናንት ሐሙስ ነበር፣ ጥርሱ መካከልም ክትፎ ነበረ።

እነግራቸዋለሁ ብሎ ቆረጠ። ረቡዕ ገና አዳራሹ ሲገባ ወደ ሲፉ ላው ሄደ። እሳቸው ዘንጉን ጭናቸው ላይ አጋድመው በጨርቅ ዘይት ይቀቡታል፤ ቀና ብለው አይተውት ፈገግ አሉ፣ ዳቦም ዘረጉለት። ማንደፍሮ አፉን ከፈተ።

«ጾም ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ረቡዕ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ የቻይናዎቹ አዲስ ዓመት ተቃረበ። የሲፉ ላው የኦፔራ ማኅበር፣ የሮተርዳምና የዴን ሃግ ጡረተኞች የተሰባሰቡበት፣ ሮተርዳም ጫፍ ሆግቭሊት ውስጥ አዲስ በተሠራ የሰፈር አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት ሊያሳይ ተዘጋጀ። መድረኩ ገና ማንም ያልረገጠው ነው። አዲስ መድረክ ደግሞ በእነሱ ሥርዓት ዝም ተብሎ አይወጣበትም፤ ነጭ ነብር አለበት። ነብሩ ሥጋ ቀርቦለት መብላት አለበት፤ ከዚያ አንድ ጥቁር ፊት ያለው የጦር አዛዥ ታግሎ፣ በሰንሰለት ለጉሞ፣ ጋልቦት ይወጣል። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ከመጋረጃው ፊትም ኋላም ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። የተናገረ ሰው በዚያ ዓመት ነብሩ ይወስደዋል። ነብሩ በልቶ ከተገራ ግን የተናገረውም ምሕረት ያገኛል።

አዛዡ ዬሩን ሆነ። ነብሩ ማንደፍሮ። ትርኢቱ ሲያበቃ ሲፉ ላው ዘንጉን በሕዝብ ፊት ሊያስረክቡ ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። በልምምዱ ላይ ሥጋ ተብሎ ይቀርብ የነበረው ቀይ ጨርቅ ነው፣ ሲፉ ላውም ለመነኩሴያቸው አስበው በዕለቱም ጨርቁ እንዲቀርብ አዘው ነበር። ያልታዘዘው የመድረክ ዕቃ ያዡ ሽማግሌ ነው። አዲስ መድረክ በጨርቅ ማታለል አስፈራውና፣ ለማንም ሳይናገር ከሥጋ ቤት ከነቆዳው የተቆረጠ ሙዳ አሳማ ገዝቶ መጣ። ለማን ይናገር? መናገር ክልክል ነው።

ብርነሽም መጣች። በቲዩስዞርግ አረጋውያንን ቤት ለቤት የምትንከባከብ፣ ማንም ሽማግሌ መድኃኒቱን ደብቆ የማያመልጣት ሴት ናት። «አሥራ አንድ ዓመት የታከምክበትን ወገብ ዛሬ ልየው» አለች። እሑድ እንግዳ ስላለባት መጀመሪያ ሮተርዳም ከምታውቀው ሥጋ ቤት ገብታ ጥሩ የበሬ ሽንጥ አስቆረጠች፤ ሮተርዳም ከመጣች እግሯ ከዚያ ሥጋ ቤት ቀርቶ አያውቅም። ማንደፍሮ በር ላይ፣ «አደራሽን፣ ከበሮው እስኪያልቅ ቃል እንዳትናገሪ» ብሎ ለመናት።

«እኔ ምን ተናግሬ አውቃለሁ» አለች ብርነሽ። ማንደፍሮ ልብሱን ሊለብስ ወደ ውስጥ ገባ።

አዳራሹ ሞላ። አንድ መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጦ የሚሰማው ማሞቂያው ብቻ ነበር። ሲፉ ላው ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ረድፍ፣ ዘንጉን አጠገባቸው አቁመው ተቀምጠዋል። ከበሮና ጸናጽል ተመታ። ማንደፍሮ በነብር ቆዳና ጭምብል በአራት እግሩ ወጣ፤ አሽትቶ፣ አጎንብሶ፣ ዘሎ፣ ጥፍሩን ስሎ፣ ወገቡም አላማረረውም፤ ብርነሽ ገርሟት ታይ ነበር። ከዚያ ወደ መድረኩ ፊት እየተንፏቀቀ ሄዶ ሳህኑን አየ።

ጨርቅ አይደለም። ቆዳ አለው። ቆዳው ሮዝ ነው፤ ጸጉርም አለው።

ማንደፍሮ ቆመ። ከበሮው ነብሩ የሚበላበትን ምት መታ። ማንደፍሮ አልበላም። ከበሮ መቺው ያልሰማ መስሎት ደገመለት። አሁን ጾም ቢሆን ጾም ነው ይባላል፤ ይሄ ግን ከጾምም የባሰ ነው፤ አሳማ በፋሲካም አሳማ ነው። በነብር ቋንቋ ይሄን እንዴት ያስረዳል? ራሱን ወዘወዘ። ሕዝቡ ነብሩ ሥጋውን እየተጠራጠረ ነው ብሎ ተረዳ፤ አደነቁለትም። በዚህ መካከል ዬሩን ፊቱን በጥቁር ተቀብቶ፣ ጅራፉን ይዞ ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ወጣ። ያልበላ ነብር ሲያጋጥመው ግራ ገባው፤ ግን የተለማመደው ጅራፍ ነውና አንዴ ሰነዘረ። ማንደፍሮ ሸሸ። ዬሩን ተከተለው። ሳህኑን ሦስቴ ዞሩት። ያልበላ ነብር አይገራም፣ አዛዡም ሳይገራው አይወጣም፤ ከበሮ መቺውም ሁለቱ ካልጨረሱ ማቆም አይችልም። እንዲህ ከሆነማ እስከ ፋሲካ ሊዞሩ ነው።

ሲፉ ላው ሁሉንም አዩ፤ ሳህኑንም አዩ። ገባቸው። ዕቃ ያዡን በዓይናቸው ፈለጉት፤ ሰውየው ከመጋረጃው ኋላ ገብቷል። እጃቸውን አወዛወዙ፤ ያያቸው የለም። መነኩሴያቸው በሰው ፊት ገዳሙን ሊያፈርስ ነው፣ የሚያድነውም ሰው የለም። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ፤ በዚያ ሁሉ ዝምታ መካከል፣ በዕድሜያቸው ሁሉ መድረክ ባሠለጠነው ጥርት ያለ ድምፅ፣ ከጥቂቶች በቀር ማንም የማያውቀውን ቃል ተናገሩ።

«ጾም ነው።»

ከበሮው ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ማኅበሩ በሙሉ ሲፉ ላውን የሚያያቸው ሬሳ እንደሚያይ ነው።

በዚያው ቅጽበት ኋላ ረድፍ ላይ አንዲት ሴት፣ ሳታስበው፣ በአማርኛ ለሰላምታ እንደሚመለሰው ያህል ከአፏ አምልጧት፣ «ኧረ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የምን ጾም» አለች። ብርነሽ ናት። ከተናገረች ወዲያ አይቀርም ብላ ተነሣች፣ አንገቷን አስግጋ ሳህኑን አየች፣ ነገሩም ግልጽ ሆነላት። ዘንቢሏን አንግባ በመቀመጫዎቹ መካከል ወደ መድረኩ መጣች። ሳህኑን በጃንጥላዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው። የሥጋ ቤቱን ወረቀት ፈታችና ሽንጡን ነብሩ ፊት ዘረጋችለት።

ማንደፍሮ በጭምብሉ ቀዳዳ ሽንጡን አየ፤ ከሽንጡ ባሻገር ደግሞ ሲፉ ላውን አየ። ሽማግሌው ቆመዋል። ተናግረዋል፣ ስለ እሱ ብለው ተናግረዋል፤ ነብሩ ካልበላ ክፉው የእሳቸው ነው። በነብሩ ማመን አለማመኑን ማንደፍሮ ቆሞ አላሰበም፤ እሳቸው ያምናሉ፣ ያ ይበቃል። ቢበላ ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መነኩሴነቱ ያከትማል፣ ዘንጉም ይቀራል። ዘንጉን የሚወደውን ያህል ወዶት የሚያውቀው ዕቃ የለም፤ ሽማግሌውን ግን ከዘንጉ አብልጦ ይወዳቸዋል። ይሄን ያወቀው እዚያው፣ በአራት እግሩ ቆሞ ነው።

ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሽንጡን ነከሰ።

በእነሱ ደንብ ነብር የሚሆነው ተዋናይ ሥጋውን በጥርሱ ይዞ፣ ወዘወዝ አድርጎ ይተፋዋል። ይሄ ነብር አላመጠ። ዋጠ። ደገመ። ከጭንቀቱ ብዛት ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ነበር፣ ሽንጡም የተመረጠ ነው። ብርነሽ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ ነሰነሰችለት፤ የለመደ እጅ ነው። አንድ መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ አየ። ዬሩን ጅራፉን ጥሎ ግድግዳ ተደገፈ፤ አራት ዓመት ዐይብና ምስር የበላ ሰው ነው፣ ወረቀቱን የሚልስ መነኩሴ ማየት ከበደው። ከዚያ ትዝ ሲለው መጥቶ ሰንሰለቱን አጠለቀለት፣ ወገቡ ላይ ተቀመጠ፣ ነብሩም ወደ ኋላ እየሄደ ይዞት ወጣ። ከበሮው ሲያበቃ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

ከመጋረጃው ኋላ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተከራከሩ። ነብሩ በልቷል፤ ስለዚህ ሲፉ ላው ተርፈዋል። ያቺ ሴትስ? የተናገረችው ነብሩ በማይሰማው ቋንቋ ነው፤ ነብሩ የካንቶን ነው ተባለና እሷም ምሕረት አገኘች። ብርነሽ ማንም ይማራት አይማራት ግድ አልነበራትም። «የእሑዱን እንግዳ ምን ላበላ ነው» ስትል ነበር።

ሲፉ ላው ማንደፍሮን ጠሩት። ፊቱን ሳይታጠብ ፊታቸው ቆመ።

«የበላኸው እውነተኛ ሥጋ ነው?»

«የበሬ ነው፣ ሲፉ።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን።»

«ሌላ ጊዜስ ትበላለህ?»

ማንደፍሮ መሬት መሬቱን አየ። «ሐሙስ ሐሙስ። እንግዳ ሲመጣ እሑድም። መነኩሴ አይደለሁም፣ ሲፉ። ይቺ ሚስቴ ናት። ይቅር ይበሉኝ።»

ዬሩን ከጎናቸው ቆሞ ቀና ብሏል፤ ቀኑ የእሱ መስሎታል። ሽማግሌው አንዴ ብርነሽን፣ አንዴ ማንደፍሮን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንደፍሮ የሚያለቅሱ መሰለው፤ እየሳቁ ነበር።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የኖርኩት ከተዋናይ ጋር ነው» አሉ። «ያታለለኝ ተዋናይ የለም። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ሳትስት መነኩሴ ሆነህ ቆምክልኝ። አቋቋምህ፣ አጎነባበስህ፣ ዝምታህ፣ ያቺ ቃልህ። እኔን።»

«እንደሱ አይደለም፣ አልተወንኩም። ረቡዕና ዓርብ እኛ በእውነት . . .»

«የደህና ተዋናይ ነገር ይሄው ነው» አሉ ሲፉ ላው። «ከመድረክ ወርዶም አያምንም።» ዘንጉን አነሡ። «መነኮሳቱ ጀልባው ላይ ሲወጡ ምን ሆኑ? ተዋናይ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ይሄ እንጨት ወደ መነኩሴ ተመልሶ አያውቅም፤ ልመልስ ያልኩት እኔ ተሳስቼ ነበር። ይሄን ከእኔ በኋላ አንተ ያዝልኝ።»

ማንደፍሮ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ስለ ረቡዕ፣ ስለ ዓርብ፣ ስለ ሃምሳው ቀን፣ ስለ ፈረቃው። ዘንጉ ግን መዳፉ ላይ አርፏል፣ እንዳሰበው ከባድ ነው። አፉን ዘጋ፣ እንባውም መጣ። ዬሩን አንዴ አየው፣ ምግብ ወደተደረደረበት ጠረጴዛ ሄደ፣ በዓመታት ውስጥ የመጀመሪያውን የአሳማ ዳቦ አነሣ፤ ሦስት በላ።

ዘንጉ ሜትሮ ውስጥ አልገባ ብሎ፣ ባቡር ውስጥ በሰው ጭን ላይ ተጋድሞ፣ የአምስተርዳሙ ትራም ሹፌር አላስገባ ስላላቸው ባልና ሚስት ፊትና ኋላ ይዘውት በእግር ስሎተርቫርት ገቡ። እሑድ እንግዶቹ ሽሮ በሉ።

ረቡዕ ማንደፍሮ ዘንጉን ይዞ ላክ ወረደ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከሮተርዳም ድረስ ሊያዩት የመጡ ነበሩ። ሥልጠናው ሲያልቅ ሲፉ ላው ዳቦ ያዘለውን ሳህን አንሥተው በቀጥታ ወደ እሱ መጡና ዘረጉለት። ዓይናቸው ከአሁኑ ይስቃል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።

ማንደፍሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ጾም ነው» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሡለት፣ ሲፉ ላው በሳቅ ብዛት የመጣ እንባቸውን ጠረጉ። ማንደፍሮ ለጭብጨባው እጅ ነሣና ዘንጉን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ አገጩን እጁ ላይ ጥሎ ቆመ። ከሌሊቱ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም ነበር።